የቱርቦ መኪና ነዳጅና አየር ማመጣጠን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2004 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ እነዳለሁ። ከፋብሪካ ስትወጣ 227 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አሁን ትንሽ ከፍ ብላለች። ለዚያች "ትንሽ" የወጣውን ገንዘብ ባለቤቴ ባትሰማ ይሻላል። መካኒክ አይደለሁም። ግን ከዚህም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም የሚደውሉልኝ ወዳጆች ዞረው ዞረው የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ምሳሌዎቹ የሱባሩ ናቸው። ሌላ የቤንዚን ቱርቦ የያዘም አይጠፋበትም።

ኤ ኤፍ አር ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ላምዳስ?

ለአንድ ግራም ነዳጅ ስንት ግራም አየር እንደገባ የሚናገር ቁጥር ነው። ንጹሕ ቤንዚን ራሱም ሳይተርፍ፣ አየሩንም ሳያስተርፍ ተቃጥሎ የሚያልቀው በ14.7 ግራም አየር ነው። ቁጥሩ ከዚያ ሲወርድ ነዳጅ በዝቷል፤ ሪች ይሉታል። ሲወጣ ነዳጅ አንሷል፤ ሊን ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ነዳጁ መጨመሩ ግራ ያጋባል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስገለብጠው ከርሜያለሁ።

ላምዳ ያንኑ ነገር በሌላ መልክ የሚናገር ነው። የለካችሁትን ለ14.7 ታካፍላላችሁ። 1 ከወጣ ሚዛኑ ልክ ነው። 11.5 ከሆነ 0.78 ይመጣል። ጥቅሙ ኋላ ኢታኖል ላይ ስንደርስ ይታያችኋል።

ከፋብሪካ የመጣው የኦክስጅን ሴንሰር አይበቃኝም?

አይበቃም። ይህ ሴንሰር መጀመሪያ መኪና ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ሲሆን የቦሽ ሥራ ነው። የተሠራውም ጭሱን ለማጣራት ነው። ተራው ዓይነት የሚያውቀው "ከ14.7 በላይ ነኝ ወይስ በታች" የሚለውን ብቻ ነው። 0.45 ቮልት አካባቢ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። 12.5 ይሁን 10.5 አይነግራችሁም። ቱርቦ መኪና ላይ ደግሞ ሞትና ሕይወት ያለው እዚያ ነው።

የእኔ መኪና የፊተኛው ሴንሰር ከተራው ሰፋ ያለ ነው። ነገር ግን የተተከለው ከቱርቦው በፊት ነው። እዚያ ያለው የጭስ ግፊት ንባቡን ያዛባዋል። ሙሉ ቡስት ላይ፣ ማለትም ቱርቦው አየሩን በሙሉ ግፊት ሲገፋ፣ የሚለውን አላምነውም። ስለዚህ ዋይድባንድ ግዙ፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያነብ ሰፊ ሴንሰር ከነማሳያው (ከነጌጁ) ማለት ነው። ኤል ኤስ ዩ 4.9 የሚባለውን የቦሽ ሴንሰር የሚጠቀም ማንኛውም ጥሩ ጌጅ ይሆናል። ከውድ ማርሚታ በፊት ይህን ግዙ።

ዋይድባንዱ የት ይተከል?

ከቱርቦው በኋላ፣ ከካታሊቱ (ጭሱን ከሚያጣራው) በፊት። ከቱርቦው ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ራቅ ቢል ጥሩ ነው፤ በጣም ከቀረበ ሙቀቱ ይገድለዋል። ቧንቧውን እንደ ሰዓት ፊት ብታዩት፣ ሴንሰሩ በ10 እና በ2 መካከል ይቀመጥ። ከታች ከሆነ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውሃ ይመታዋል፤ የጋለው ሴራሚክም ይሰነጠቃል። ደግሞ ሴንሰሩን ተክላችሁ ሽቦውን ሳትቀጥሉ አትንዱ። ሳይሞቅ ጭስ ውስጥ የሚውል ሴንሰር በጥላሸት ይበላሻል።

ከሁሉም የከፋው ማፍሰስ ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ጋራዥ ሴንሰሩን ሲበይድልኝ ከላይ ያለውን የቱርቦ መገጣጠሚያ ፈትቶ አሮጌውን ጓርኒሲዮን መልሶ ገጠመው። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ጌጁ 16 ይላል። እኔ ደግሞ ነዳጅ እጨምራለሁ። ሁለት ሳምንት ጨመርኩ። ካንዴላዎቹን ባወጣ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ለካስ በዚያች ክፍተት አየር ወደ ማርሚታው እየተሳበ ኖሯል። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ያየውን ኦክስጅን ነው የነገረኝ። ኦክስጅኑ ግን በሲሊንደሩ በኩል አላለፈም።

እሺ፣ ቁጥሩ ስንት ይሁን?

ቆማ ስትሠራና በቀስታ ስትነዳ 14.7 ነው። ያንን ኮምፒውተሩ ራሱ ከሴንሰሩ እያየ ያስተካክላል፤ ጣልቃ አትግቡበት። ጥያቄው ነዳጅ መስጫው እስከ ወለል ሲረገጥ ነው። እንደ እኔ ባለ የቆየ ሱባሩ ላይ በተራ ቤንዚን ከ11.0 እስከ 11.5 እይዛለሁ። ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ከ12 ትንሽ ከፍ ብለው ይሠራሉ፤ እዚያው ውስጥ የሚተነው ነዳጅ በደንብ ያቀዘቅዛቸዋል።

"ጉልበት የሚበዛው 12.5 ላይ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" የሚለኝ አለ። ቱርቦ ለሌለው ሞተር እውነት ነው። ቱርቦ ሲኖር ግን ትርፉን ነዳጅ የምንከተው ለጉልበት አይደለም። ነዳጁ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ቃጠሎው ይረጋጋል፤ የጭሱ ሙቀት ይወርዳል። ሽሮ እሳት በዝቶበት መንተክተክ ሲጀምር ውሃ ጠብ እንደማድረግ ነው። ከ11.3 ወደ 12 ብትወጡ የምታገኙት ጉልበት ጥቂት ነው። የምታጡት የመጠባበቂያ ልክ ግን ብዙ ነው። በበኩሌ አላዋጣኝም።

ሪች ከሆነ ሰላም ነው አይደል?

አይደለም። 10 እና ከዚያ በታች ስትወርዱ ነዳጁ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ያለ ዘይት ይፋተጋል። የተረፈው ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያዋን አውጥታችሁ አሽቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ታውቁታላችሁ። ካታሊት ካለም ውስጡ ይቀልጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ነዳጅ ከመጠን ሲበዛ ካንዴላው ሳያቀጣጥል ያልፋል። ያልተቃጠለው አየር ከነኦክስጅኑ ይወጣል። ሴንሰሩ ኦክስጅን ያያል፤ ጌጁም "ሊን" ይላል። ሰውዬው ነዳጅ ይጨምራል። እየባሰ ይሄዳል። ጌጁ ሊን እያለ ከኋላ ጥቁር ጭስ የሚወጣ ከሆነ ጭሱን እመኑ።

ሞተር የሚበላው ሊን መሆን ነው?

ብዙ ጊዜ እሱ ተባባሪ ነው፤ ዋናው ወንጀለኛ ኖክ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ የካንዴላው እሳት እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በራሱ ሲፈነዳ ማለት ነው። ሙቀት፣ ከፍተኛ ቡስት፣ የቸኮለ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) እና ደካማ ቤንዚን ሲገናኙ ይመጣል። ነዳጅ ማነሱ ያግዘዋል። በ2.5 ሊትሩ የሱባሩ ሞተር ላይ የታወቀው በሽታ ይኼው ነው፦ በፋሻዎቹ መካከል ያለችው ቀጭን የፒስተን ግድግዳ ትሰበራለች። ጌጁ 11.2 እያለም ልትሰበር ትችላለች። ታይሚንጉ ከተሳሳተ ነዳጅ ብቻውን አያድናትም።

ስለዚህ ከነዳጁ ቁጥር ጎን የኖክ ቁጥሩን እዩ። በእኔ መኪና ኮምፒውተር ላይ አይ ኤ ኤም የሚባል ቁጥር አለ፤ ጣሪያው 16 ነው። 16 ላይ ከቆመ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንና ማፑን (ነዳጁንና ታይሚንጉን የሚያዝበትን ሰንጠረዥ) አምኗል ማለት ነው። ከወረደ ፈርቷል። በአዳዲሶቹ ሱባሩዎች ጣሪያው 1 ነው። ከወረደ ቡስት አይነካም፤ ምክንያቱ ይፈለጋል።

የአየር ፊልትሮና ማስገቢያ ቱቦ ብቻ ነው የቀየርኩት። ማፕ መቀየር ግድ ነው?

በሱባሩ ላይ አዎ። ሰው የሚንቀው ይህንን ነው፤ ብዙ ሞተር የሚያልቀውም በዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ የገባውን አየር የሚያውቀው በቱቦው ውስጥ ባለች አንዲት የጋለች ሽቦ ነው። አየር ሲያልፍባት ትበርዳለች። ምን ያህል እንደበረደች አይቶ አየሩን በግራም ይገምታል። ግምቱ የተሠራው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። ሰፋ ያለ ቱቦ ስታስገቡ ያው አየር በቀስታ ያልፋል። ሽቦዋ "ትንሽ አየር ነው የገባው" ትላለች። ነዳጁም ያንሳል። እንደዚህ ነው ሰው በገዛ ገንዘቡ ሊን የሚሆነው።

በተቃራኒው አየሩ ከተለካ በኋላ ካፈሰሰ ሪች ትሆናላችሁ። ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ጋ ያለች አንዲት የላላች የቱቦ ማሰሪያ ትበቃለች። ማርሽ ስትቀይሩ "ፉጭ" የሚለው፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋው ቫልቭም እንደዚያው ነው። የተለካ አየር ይደፋል፤ ነዳጁ ግን ቀድሞ ተረጭቷል። ድምፁ እንደሚያምር አልክድም።

ማፕ ከመንካታችሁ በፊት ቱቦዎቹን በኮምፕረሰር አየር ሞልታችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡ። ግማሽ ሰዓት ነው። የብዙ ሰው "የቱኒንግ ችግር" እዚያ አረፋ ላይ ሲንጨረጨር አይቻለሁ። የመኪናውን ብልሽት በማፕ የሚሸፍን ሰው ነገ ሌላ ቦታ ይከፍለዋል።

ሎግ (ስትነዱ የሚቀዳው የቁጥሮች መዝገብ) እንዴት ይነበባል?

በዳይኖ (መኪናዋ ቆማ ጎማዋ እየዞረ ጉልበቷ የሚለካበት) ላይ ወይም በተዘጋ ትራክ፣ በሶስተኛ ማርሽ ከ2,500 ዙር እስከ 6,500 ድረስ አንድ ጊዜ እስከ ወለል ትረግጣላችሁ። የሠፈር መንገድ ለዚህ አይሆንም። የምትቀዱት ዙሩን፣ ቡስቱን፣ ኤ ኤፍ አሩን፣ ታይሚንጉን፣ የኖክ እርማቱንና ኢንጀክተሩ (ነዳጁን የሚረጨው) ከጊዜው ስንት በመቶ እንደሚከፈት ነው።

አንድ ወዳጄ ከላከልኝ ላንብብላችሁ። 3,500 ዙር ላይ 11.4። 4,500 ላይ 11.3። 5,200 ላይ 11.6። 5,800 ላይ 12.1። 6,300 ላይ 12.8። ቡስቱ ደግሞ አልጨመረም። ይህ ማፕ አይደለም። ማፕ ቢሆን ኖሮ ከታችም ይዛባ ነበር። ኢንጀክተሩን ሳይ 97 በመቶ ይላል። አለቀ፤ በቃ ከዚህ በላይ የሚረጭበት ጊዜ የለውም። ኢንጀክተሩ 75 በመቶ ላይ ሆኖ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ፖምፓውን፣ የነዳጅ ፊልትሮውንና የነዳጅ ግፊቱን እጠረጥር ነበር። መሠረቱ 3 ባር የሆነ ግፊት በ1 ባር ቡስት ላይ 4 ባር መሆን አለበት። ካልሆነ ቡስቱ ነዳጁን ወደ ኋላ እየገፋው ነው። እግር ማንሳት ነው መልሱ። በማፕ ነዳጅ ጨምሬ አየዋለሁ የሚል ካለ ፒስተን መግዣ ያዘጋጅ።

መስመሩ በሙሉ ከታች እስከ ላይ እኩል ከተዛባ፣ ለምሳሌ ሁሌ 8 በመቶ ሊን ከሆነ፣ የአየር መለኪያው ወይም የኢንጀክተሩ ልክ ነው የተሳሳተው። መስመሩ ቡስት ሲመጣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ካንዴላውን እዩ። ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። እና አትርሱ፦ ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። 4,000 ላይ ያያችሁት ቁጥር የተቃጠለው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ስንት ሲሲ ኢንጀክተር ልግዛ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቱርቦ ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.6 ፓውንድ ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። 300 ፈረስ ከፈለጋችሁ 180 ፓውንድ። በአራት ሲሊንደር 45 ይደርሳል። ኢንጀክተሩን ከ80 በመቶ በላይ ማስጨነቅ ስለማንፈልግ ለ0.8 አካፍሉት፤ 56 ይሆናል። በ10.5 ስታባዙት 590 ሲሲ በደቂቃ። የእኔ የፋብሪካ ኢንጀክተር ከ400 ትንሽ ከፍ የሚል ነበር፤ ለምን እንደማይበቃ አያችሁ።

ትልቅ ኢንጀክተር ገጥማችሁ ከላይ አሪፍ ሆኖ ቆማ ስትሠራ ከተንቀጠቀጠች፣ ኢንጀክተሩ ለመከፈት የሚዘገይባትን ቅጽበት ተሳስታችኋል። ቆማ ስትሠራ ኢንጀክተሩ የሚከፈተው 2.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። 0.2 ስትሳሳቱ 8 በመቶ ነው። ሙሉ ቡስት ላይ 16 ሚሊ ሰከንድ ሲከፈት ያው ስህተት 1 በመቶ ገደማ ነው፤ አይታይም።

ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነውን ነዳጅ) ስሞላስ?

የኢታኖል ሚዛን 9 አካባቢ ነው፤ የኢ85 ደግሞ 9.8 ገደማ። ሴንሰሩ ግን ምን እንደሞላችሁ አያውቅም። ላምዳ ለክቶ በ14.7 አባዝቶ ያሳያችኋል። ስለዚህ 0.78 ላምዳ ላይ ስትሆኑ እውነተኛው ቁጥር 7.6 ቢሆንም ጌጁ 11.5 ነው የሚለው። ላምዳ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ነዳጁ ቢቀየርም 0.78 ያው 0.78 ነው።

ነዳጁ በመጠን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል። ያ ማለት ትልቅ ኢንጀክተርና ትልቅ ፖምፓ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ሁሌ 85 አይደለም፤ እንደ ወቅቱ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ሊሆን ይችላል። የኢታኖሉን መጠን የሚለካ ሴንሰር ሳይገጥሙ በጋ ላይ የተሠራን ማፕ ክረምት ላይ መንዳት ቁማር ነው። ኢታኖል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ የተሸጠበት ጊዜ ነበር፤ 5 በመቶ ብሎ ጀምሮ 10 ደርሷል።

ዱባይ 98 ኦክቴን ቤንዚን ይሸጣል፣ አሜሪካ 93። የዱባዩ ይሻላል?

ተቀራራቢ ናቸው። አሜሪካኖቹ የሁለት መለኪያዎችን አማካይ ነው የሚጽፉት፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ ያነሰው። ዱባይ ላይ የሚያሳስበኝ ቤንዚኑ ሳይሆን የነሐሴው 45 ዲግሪ ነው። ለጥር የተሠራ ታይሚንግ ለነሐሴ አይሆንም።

መኪናዬ አዲስ አበባ ናት። ውጭ አገር የተሠራ ማፕ ይሆነኛል?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ 0.77 ባር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ነው። ባሕር ዳርቻ ስል ጅቡቲን እንጂ ባሕር ዳርን አይደለም።

የነዳጁ ሚዛን ብዙ አይረበሽም። ሽቦዋ አየሩን በግራም ስለምትለካ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁም አብሮ ይቀንሳል። የሚቸገረው ቱርቦው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ቡስት ለመስጠት አየሩን እጥፍ ማድረግ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ያህል አየር ለሞተሩ ለማድረስ 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ትንሽ ቱርቦ ይህን ሲሞክር ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚገፋውም አየር ይግላል። የጋለ አየር ኖክ ይጠራል። ስለዚህ ማፑ በአዲስ አበባ አየር ሎግ ተደርጎ ይስተካከል፤ የቡስት ግቡም ዝቅ ይበል። ከዚያ ወደ አዋሽ ስትወርዱ ደግሞ አየሩ ይወፍራል። ማፑ ከፍታውን እያየ የሚያርም መሆኑን ጠይቁ። "አዎ፣ ይሠራል" ብቻ ካሏችሁ ሰንጠረዡን አሳዩኝ በሉ።

የእኔ ላንድክሩዘር የናፍጣ ቱርቦ ነው። ይኼ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

አይሠራም፤ እንዲያውም ይገለበጣል። ናፍጣ ሞተር ሁሌም ትርፍ አየር ይዞ ነው የሚሠራው፤ 14.7 የሚባል ግብ የለውም። ቤንዚን ላይ ነዳጅ መጨመር ያቀዘቅዛል። ናፍጣ ላይ ነዳጅ መጨመር ያግላል። ወደ 20 አካባቢ ሲወርድ ጥቁር ጭስ መታየት ይጀምራል። ጭሱ እየበዛ ፖምፓውን የሚከፍትላችሁ ሰው ፒስተናችሁን እየጠበሰ ነው። ለናፍጣ ከዋይድባንድ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ግዙ።

እዚህ አሜሪካ የጭስ ምርመራ አያስቸግርም?

ያስቸግራል። ካታሊት ማውጣትና ሴንሰር በማፕ ማጥፋት በፌዴራል ሕግም የተከለከለ ነው። ሜሪላንድም፣ ዲሲም፣ ሰሜን ቨርጂኒያም መኪናውን ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ያዩታል። አገር ቤት ቦሎ ለማውጣት እንደሚደረገው ዓይነት ድርድር እዚህ የለም። ካታሊቱን ትታችሁ ሥሩ፤ 300 ፈረስ ከነካታሊቱ ይመጣል።

ማፑ አልቋል። ከዚህ በኋላ ምን ልከታተል?

በወር አንድ ጊዜ የነዳጅ እርማቱን እዩ። ኮምፒውተሩ እስከ 5 በመቶ ሲደምር ሲቀንስ ችግር የለም። ከ8 ካለፈ አንድ ነገር ተቀይሯል፦ ፊልትሮው ቆሽሿል፣ ቱቦ ላልቷል፣ ወይም ሽቦዋ ዘይት ጠጥታለች። በሱባሩ ላይ ኮምፒውተሩ ብዙ አየር በሚገባበት ክልል የተማረው እርማት ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለል ስትረግጡም ይደመራል። እዚያ ላይ 10 በመቶ ቀንሶ ከሆነ፣ 11.3 ብላችሁ የተኛችሁበት ቁጥር 12.5 ሆኖ ሊጠብቃችሁ ነው። እኔ ባለፈው ወር ያንን ቁጥር አየሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። አይጥ የማስገቢያ ቱቦዬን በልታለች።